ድርግም የማይለው አምፖል

ቆቅ አፋፍ ከመዘዞ አለፍ ብሎ፣ ምድር በቃኝ ብላ ገደል የምትሆንበት መንደር ነው። ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጉም ነው፤ ጉሙ ሲገለጥ ጭላዳ የተንጠለጠለበት ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ ሥር ሌላ ቋጥኝ፣ ከዚያም ወዲያ ቆላው በሙቀት ሲንቀጠቀጥ። ነፋሱ ከዚያ ከታች ይነሣና ገደሉን ቧጥጦ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የመሪጌታ ወልደኪዳንን በር ነው። ሰው ሁሉ ቤቱን ወደ ውስጥ ሸሸት አድርጎ ሲሠራ እሳቸው ለምን አፋፉ ላይ እንደ ሠሩ ሲጠየቁ፣ «ከሰው ወሬ ነፋስ ይሻላል» ይሉ ነበር። ልጃቸው ከጠፋ ወዲህ ግን ይህን ቀልድ አልደገሙትም።

በቤቱ ውስጥ አንድ አምፖል ነበረ። ያንጠለጠለው ፍቅረ ማርያም ነው፣ የመሪጌታ የበኩር ልጅ። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ሲሠራ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከቁራሌው የገዛውን አሮጌ ሞተር አይሱዙ ላይ ጭኖ መጣ። የኤሌክትሪክ መስመር ከመዘዞ ወዲህ አልዘለቀም ነበርና፣ «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለኛ ነው፤ ነፋስ ሲያንገላታን ውሎ በኩራዝ እናመሻለን» አለ። ከጽድ እንጨት ክንፎች ጠረበ፣ አፋፉ ላይ ምሰሶ አቆመ፣ ገመዱን ስቦ እቤት አስገባ። ነፋሱ ባትሪውን ይሞላል፣ ባትሪው አምፖሉን ያበራል። መንደሩ ነገሩን «ማራገቢያ» አለው። «ፍቅረ ገደሉ ሞቆት ሊያራግብለት ነው» ብለው ሳቁ፤ አምፖሉ ሲበራ ግን ሳቃቸውን ውጠው ስልካቸውን ሊሞሉ ተሰለፉ።

በነሐሴ አንድ አመሻሽ ላይ ዐውሎ ተነሣ። ፍቅረ ማርያም ክንፎቹ እንዳይሰበሩ በገመድ ሊያስራቸው የበግ ጠጉር ባናውን ደርቦ ወጣ። ጉሙ ከደጃፉ ተቀበለው። እናቱ ወይዘሮ ዘነበች በሩን ገርበብ አድርገው ጠበቁት።

አልተመለሰም።

ሲነጋ ክንፎቹ ታስረው ተገኙ። ቋጠሮው የእሱ ነው፤ እህቱ ወለተሐና የወንድሟን ቋጠሮ ከሺህ ቋጠሮ ትለየዋለች። ባናው ከምሰሶው ሥር ነበር፤ ወድቆ አይደለም፣ ተጣጥፎ። አራቱም ማዕዘን ተገጣጥሞ፣ ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ ልብስ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ አፉን በነጠላው ያዘ። ጎበዛዝቱ በጠፍር ታስረው ገደሉን ወረዱ፤ ቆላ ድረስ ሰው ተላከ፤ የግመል እረኞቹ «ከላይ የወደቀ ሰው አላየንም» ብለው መለሱ። ጥንብ አንሣ እንኳ አልዞረም።

«ሬሳ ሳላይ አላለቅስም» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። እናት ካላለቀሰች ደግሞ ማን ደፍሮ ያለቅሳል? እርሙ ያልወጣ ሰው ነገሩ ክፉ ነው፤ ተዝካር አይወጣለት፣ ስሙ ከሙታን ጋር አይጠራ፣ ከሕያዋን ጋር ማዕድ አይቀርብለት። መሪጌታ የሰውን ሁሉ ፍትሐት ሲያዜሙ የገዛ ልጃቸው ስም ጉሮሯቸው ላይ ቆሞ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ባትሪው አብጦ ሞተ። ወለተሐና ነቅላ ጣለችውና ገመዱን በቀጥታ ከአምፖሉ ጋር አገናኘች። ወንድሟ ሲሠራ እያየች ያልለቀመችው ነገር አልነበረም፤ ያስተማራት አልነበረም፣ ያመሰገናትም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መብራቱ በነፋሱ እጅ አደረ፤ ነፋሱ ሲያይል ይፈካል፣ ሲደክም ይደበዝዛል፣ ሲቆም ድርግም ይላል።

አንድ ማታ ወይዘሮ ዘነበች ባቄላ እየፈለፈሉ ሳለ ወደ አምፖሉ ቀና አሉና፣ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ፍቅረ፣ በረደህ እንዴ?» አሉ።

አምፖሉ ቦግ አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቤት መብራት የሚታይበት መሆኑ ቀርቶ የሚደመጥ ሆነ። ቦግ ሲል አዎ ነው፤ ደብዘዝ ሲል አዝኗል፤ ድርግም ሲል ተቀይሟል። ወይዘሮ ዘነበች ከእህል ተለዩ፤ ማታ ማታ ከአምፖሉ ሥር መደብ ላይ ኩርምት ብለው ያወሩታል። ወሬው መንደሩን ዞረና ሰው እየመጣ ይጠይቅ ጀመር። የጠፋች ጊደር፣ ያልተፈታ ሙግት፣ ያልጸነሰች ምራት።

ወለተሐና ከጥግ ሆና ትሰማለች። ምላሷ ምላጭ ነው ይሏታል፤ እሷም ክዳ አታውቅም።

«ዘነቡ፣ ጠይቂልኝ እስቲ» አሉ አንድ ማታ ጎረቤታቸው እትዬ ብርቱካን። «ልጄ ባሕሩን ተሻግሯል?» ልጃቸው ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ በቆላው በኩል ከወጣ ሰንብቷል።

«እትዬ ብርቱካን» አለች ወለተሐና፣ «ልጅሽ ስልክ አለው አይደል? አትደውዪለትም?»

«ዝግ ነው ይለኛል፣ አንቺ ምላሳም!»

«ታዲያ አምፖሉ ኔትወርክ ያለው መሰለሽ?»

«ዝም በይ ወለተ!» አሉ እናቷ።

ውጭ ነፋሱ ገደሉን እየቧጠጠ ወጣ። አምፖሉ ፈካ። እትዬ ብርቱካን እልል አሉ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ወለተሐና ፊቷን አዞረች። ነፋስ መሆኑን ታውቃለች። ጣሪያው ላይ ሲያፏጭ ሰምታዋለች፤ መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ አምፖሉ። ይህን ማስረዳት ትችል ነበር። የሚሰማ ጠፋ እንጂ።

ይሁንና እናቷ ለኪዳን ሲሄዱ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ያችው ምላሳም ልጅ በሩን ትዘጋና ከአምፖሉ ሥር ትቆማለች።

«ወድቀህ ነው?»

አምፖሉ ቦግ ይላል።

«ወይስ ራስህ ሄደህ ነው?»

ቦግ ይላል።

«ባናውን ለምን አጠፍከው?»

ይህ አዎ ወይም አይደለም የሚባልበት ጥያቄ አይደለም። አምፖሉ ይርገበገባል። እሷም ነፋስ ነው፣ ነፋስ ነው እያለች ትቆማለች፤ ግን ትቆማለች።

ከዓመት በኋላ ከመንደሩ በላይ ባለው ሸንተረር ላይ ትልልቆቹ ማራገቢያዎች ተተከሉ። ነጭ ናቸው፤ ጉም ወገባቸውን ሲቆርጠው ክንፋቸው ብቻ ከሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ይዞራል። የብረት ምሰሶ እየተተከለ፣ ገመድ እየተወጠረ መጣ፤ ቆቅ አፋፍም ከመስመሩ ይደርሰዋል ተባለ። የመንደሩ ሰው በደስታ አበደ። ወፍጮ ይተከላል፣ የጤና ኬላው ክትባት ማቀዝቀዣ ያገኛል። ግን አንድ ነገር ነበረ። መንደሩ የቆመበት መሬት አንድ ወገኑ ገደል፣ አንድ ወገኑ ረግረግ ነው፤ ወደ መንደሩ የሚታጠፈውን ምሰሶ የሚሸከም ጽኑ አለት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የፍቅረ ማርያም ማራገቢያ የቆመበት።

ይህን ሊናገር የመጣው ይርጋ የሚባል መሐንዲስ ነው፤ ደብረ ብርሃን የሚኖር፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ የሆነ፣ ቀጭን ልጅ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ወርቅአገኘሁ ቀድመውት ገቡ።

«እትዬ ዘነበች» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ ተቀምጠው፣ «መንግሥት መብራት አመጣሁላችሁ ሲል እኛ አምፖል እያማከርን ነው ልንለው አይደል።»

«ባለፈው ሳምንት ስለ ጊደርህ ስታማክረው አላፈርክም፣ ጋሼ ወርቅአገኘሁ» አለች ወለተሐና።

«ጊደሯ ተገኝታለች!»

«ከጎረቤትህ በረት። እሱን አምፖል ሳይጠየቅም መንደሩ ያውቅ ነበር።»

ይርጋ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ወይዘሮ ዘነበች አልሳቁም። «ልጄን ነቅላችሁ የምትተክሉት ምንድን ነው?» አሉ።

«እማማ፣ የማይቋረጥ መብራት ነው» አለ ይርጋ።

«ውሸት» አለች ወለተሐና። «ሸንተረሩ ላይ የተከላችኋቸውን በየቀኑ አያቸዋለሁ። የእኛ ሲቆም የእናንተም ይቆማል። በአንድ ነፋስ የሚኖር ሁሉ በአንድ ነፋስ ይሞታል። ከወንድሜ የምትለዩት በቁመት ብቻ ነው።»

ይርጋ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ያለው መሰለ። «ልክ ነሽ። እዚህ ያሉት አንድ መደብ ላይ እንደ ተኙ ልጆች ናቸው፤ አብረው ያንቀላፋሉ፣ አብረው ይነቃሉ። ለዚህ እኮ ነው ከሩቆቹ ጋር የምናስራቸው። የአዳማ ነፋስ ሌላ ነው፣ የአይሻ በረሃ ነፋስ ሌላ ነው። እዚህ ሲተኛ እዚያ ይነሣል፤ እዚያ ሲደክም ሌላው ጋ ያይላል። አንዱን ለብቻው ብታዪው እብድ ነው፤ ሲዘል ሲወድቅ ይውላል። ሁሉም በአንድ መስመር ሲገናኙ ግን የአንዱ መውደቅ በሌላው መነሣት ይሞላል። እናንተ ቤት ሲደርስ የረጋ ውሃ ነው።»

ወይዘሮ ዘነበች አልገባቸውም። ከጓዳው በር የቆሙት መሪጌታ ወልደኪዳን ግን ገባቸው፤ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አለፈ።

«ዘነቡ» አሉ፣ «ማኅሌት ቆመሽ ታውቂያለሽ። ዜማው ከዋዜማ እስከ ንጋት አይቋረጥም። ታዲያ እኛ ሳንተነፍስ የምናድር መሰለሽ? እኔ ትንፋሽ ስወስድ ከቀኝ የቆመው ይይዘዋል፤ እሱ ሲደክም ከግራ ያለው ይቀበለዋል። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ብንተነፍስ ዜማው ይሰበር ነበር። ልጁ የሚለው ይህን ነው።»



«በዜማው ውስጥ የልጄ ድምፅ የትኛው ይሆናል?» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

 የመለሰው ይርጋ ነው፤ ወጣት ነውና ሳያስብ መለሰ። «አይለይም እማማ። ጥቅሙም እሱ ነው፤ የማንም ለብቻው አይለይም።»

ውጭ ነፋስ አልነበረም። አምፖሉ ጠፍቶ እንደ ታወረ ዓይን ያያቸዋል። ወይዘሮ ዘነበች ቀና ብለው አዩትና ቃላቸውን ሰጡ፤ ቃላቸው እንዲህ ነበር። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በሰው ፊት ልጃቸውን ይጠይቁታል። ልሂድ ካለ፣ እርሙን ያወጣሉ፤ ሬሳ የለውምና በእጁ የጠረባቸውን ክንፎች ከፍነው ይቀብራሉ፣ ተዝካሩንም ያወጣሉ፣ አለቱንም ይውሰዱት። ዝም ካለ ግን፣ «እኔን ገፍታችሁ በሬሳዬ ላይ ትተክላላችሁ፤ እስከ ዕለተ ሞቴ ከዚህ መደብ አልነሣም።»

«ቅዳሜ ነፋስ ባይኖርስ?» አለች ወለተሐና።

«ካልፈለገ አይኖርም» አሉ እናቷ።

ቅዳሜ ነጋ፤ ነፋስ የለም። እንዲህ ያለ ጠዋት ቆቅ አፋፍ በዓመት አንዴ ያያል ወይም አያይም። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንደሩ ላይ ተኛ፤ የሣር ጫፍ አልተነቃነቀም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ድምፅ እንኳ ከጥጥ ውስጥ የወጣ ይመስል ነበር። ቤቱ መስኮቱ አንድ ነው፣ ጨለም ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ገባ። አቶ ወርቅአገኘሁ አንድ ነገር አነሡ።

«ማራገቢያው ዘንድ ሰው ይቁም። አንድ ሰው ነካው፣ አንድ ሰው ገፋው እንዳይባል።»

«ወለተ ትሂድ» አሉ እትዬ ብርቱካን። «ምላሷ ምላጭ ቢሆንም ለማንም ብላ አትዋሽም።»

ሁሉም ተስማማ። ወለተሐና ኩራት ተሰማት፤ ኩራቱ እስከ በሩ ድረስ አብሯት ሄደ።

ከምሰሶው ሥር ስትደርስ ቤቱ ከኋላዋ ጠፍቷል። ክንፎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ከእንጨቱ ላይ ጤዛ ይንጠባጠባል። ከገደሉ ምንም አይሰማም፤ ጭላዳዎቹ እንኳ ጸጥ ብለዋል። ቆመች። ቆየች። እቤት ውስጥ እናቷ ምን እያሉ እንደሆነ ታውቃለች፤ «ፍቅረ፣ ልሂድ ትላለህ?» እያሉ ነው፤ አምፖሉ ዝም እያለ ነው፤ እሳቸውም መደቡ ላይ ይበልጥ እየተኮራመቱ ነው። የእናቷ አንገት እንዴት እንደ ቀጠነ ታያት። የእጃቸው አጥንት። በዚያ መደብ ላይ፣ ከዚያ አምፖል ሥር፣ ክረምት ከበጋ፣ እያወሩ የሚያልቁ እናት።

«ፍቅረ» አለች፣ ጮክ ሳትል። «አንድ ጊዜ ብቻ። ስለ እማዬ።»

ክንፎቹ አልተነቃነቁም።

ወንድሟ ቅባት ሲቀባ የሚወጣበት መሰላል አሁንም ታስሮ ነበር። ነጠላዋን አደገደገች፤ ወጣች። ከላይ ጉሙ የባሰ ነው፤ የገዛ ክንዷ ከክርኗ ወዲያ አይታያትም። ክንፉ ወዳለበት እጇን ዘረጋች።

እንጨቱ ተነቃነቀ።

እጇ ነክቶት ነው? ቀዝቅዛ ስለነበር ጣቶቿ የነኩትን አይለዩም ነበር። ወይስ ሳትነካው? ይህን ኋላ ስንት ጊዜ መላልሳ ታስበዋለች። በዚያች ቅጽበት ግን አላሰበችም፤ ደንግጣ መሰላሉን አቀፈች፤ ከዚያ ድንጋጤዋ ወደ ቁጣ ተለወጠና ክንፉን በሙሉ ኃይሏ ገፋችው። ዞረ። ደግማ ገፋችው። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ጤዛው ፊቷ ላይ ተረጨ።

ከጉሙ ውስጥ፣ ከቤቱ በኩል፣ ጩኸት ተሰማ። እናቷ ናቸው። ልጃቸው ከጠፋ ወዲህ ያልወጣው ጩኸት ነው፤ የለቅሶ ጩኸት፤ ሴቶቹ ተቀበሉት፣ መንደሩም ተናወጠ።

ወለተሐና እጇን ሰበሰበች። ክንፎቹ መቆም ነበረባቸው። ነፋስ የለም፤ ከፊቷ አጠገብ ያለው የነጠላዋ ጫፍ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ክንፎቹ ግን መዞራቸውን ቀጠሉ፤ ዝግ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው። ለቅሶው ከፍ እስኪል ዞሩ። ከዚያ ቆሙ።

መሰላሉን ወርዳ ወደ ቤት ተመለሰች። በሩ ላይ እትዬ ብርቱካን ተጠመጠሙባት።

«አየሽ ወለቴ! መጀመሪያ በቀስታ፣ እንደ ሳል። ኋላ ነው ቦግ ያለው፤ ከዚያማ በራ በራ፣ እናትሽ እስኪጨርሱ ድረስ በራ!»

«መጀመሪያ በቀስታ?» አለች ወለተሐና።

«እንደ ሳል አልኩሽ!»

«ማንም አልነካውም?» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ ከኋላ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አባቷም አዩዋት፤ ከሁሉ የከበደው የሳቸው ዓይን ነበር።

«ማንም አልነካውም» አለች።

ክንፎቹን ነቅለው አወረዷቸው። በነጭ አቡጄዲ ተከፈኑ፤ አልጋ ላይ ተጋደሙ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱባቸው። ቄሱ «እንጨት አይፈታም» ብለው ነበር፤ መሪጌታ ወልደኪዳን ግን፣ «ፍትሐቱ ለነፍሱ ነው፤ እንጨቱን ለእናቱ ተዉላት» አሉና ፍትሐቱን ራሳቸው ጀመሩት። የልጃቸው ስም ከጉሮሯቸው ወጣ። የወጣው ተሰብሮ ነበር፤ ከቀኝ የቆመው ደብተራ ተቀብሎ ያዘው። በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ፣ ከጽዱ ሥር፣ ሰው በሚያህል ጉድጓድ ክንፎቹ ተቀበሩ። ባናውም አብሮ ገባ። ወለተሐና አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም፤ ሰው «የድንጋይ ልብ» አላት።

ከዚያ ምሰሶው ቆመ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ ቆጣሪው ተሰቀለ። አሮጌው አምፖል በነበረበት አዲስ ተንጠለጠለ። በራ። እንዲያ ያለ መብራት በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም፤ አይፈካ፣ አይደበዝዝ፤ ግድግዳው ላይ የሰው ጥላ እንደ ሥዕል ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ወይዘሮ ዘነበች ዳኑ። ሌላ ቃል የለውም። ከመደቡ ተነሡ፣ እህል ቀመሱ፣ በወሩ ጉንጫቸው ሞላ። አንድ ቀን እትዬ ብርቱካን በነገሩት ወሬ ሲስቁ ተሰሙ። አምፖሉን ቀና ብለው አያዩትም፤ መብራት ነው፣ በቃ። ለሙታን በሚጸለይበት ሰዓት ስሙን ይጠራሉ፣ ያማትባሉ፣ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

ከአምፖሉ ሥር የተቀመጠችው ወለተሐና ናት።

መጀመሪያ ለራሷ እንኳ አላመነችም። ባቄላውን እዚያ የምትፈለፍለው ብርሃኑ ስለሚሻል ነው። ነጠላዋን እዚያ የምትጠቅመው ክሩ ስለሚታያት ነው። ከዚያ እጇ ላይ ምንም ሳይኖር መቀመጥ ጀመረች። «መጀመሪያ በቀስታ፣ እንደ ሳል።» የኋለኛው መዞር ከግፊቷ የተረፈ ይሆናል፤ ያች ሳል ግን የማን ናት? የእሷ ጣት ከሆነ፣ ወንድሟን በውሸት የቀበረችው እሷ ናት። እሱ ከሆነ ደግሞ፣ ሊናገር በጀመረበት ቅጽበት በጉልበቷ ገፍታ ዝም ያሰኘችው እሷ ናት። መጠየቅ ያለባት አንድ ጥያቄ ነው፤ የሚመልሱላት ክንፎች ደግሞ ከጽዱ ሥር ተቀብረዋል። ሌላ ክንፍ ጠርባ ሌላ ምሰሶ ልታቆም አሰበች። ግን የእሷ ክንፍ የእሱ ክንፍ አይደለም፤ በማታውቀው ሰው አፍ እንደ መስማት ይሆንባታል።

«ፍቅረ» ትላለች ቤቱ ባዶ ሲሆን። «የፊተኛዋ ያንተ ናት?»

አምፖሉ ይበራል።

ውጭ ዐውሎ ጣሪያውን ሲያንቀጠቅጠው በዚያው ልክ ይበራል። ነፋሱ ሲሞት በዚያው ልክ ይበራል። አንድ ጊዜ በመብረቅ መስመሩ ተቋርጦ መንደሩ በሙሉ የመብራት ኃይልን ዘር ማንዘር ሲረግም፣ እሷ ሮጣ ከአምፖሉ ሥር ቆመች፤ ትንፋሿን ይዛ። በአገሩ ሁሉ መብራት እንዲጠፋ የምትሳል ሴት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። መስመሩ ሲጠገን ግን አምፖሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በራ። መቋረጥ መናገር አይደለም። ሬሳም ዝም ይላል።

በየካቲት አንድ ቀን ይርጋ ቆጣሪዎቹን ሊያይ መጣ። ጉም ወርዷል፤ ነፋስ የለም፤ ልክ እንደዚያ ቅዳሜ። እናቷ ጓዳ ውስጥ በሶ እየበጠበጡ ያንጎራጉራሉ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ከደጅ ወደ ሸንተረሩ አየ፤ ትልልቆቹ ማራገቢያዎች ከጉሙ በላይ ብቅ ብለው ቆመዋል፣ ክንፋቸው ተዘርግቶ፣ የተሰቀለ ሰው መስለው።

«አየሽ?» አለ፣ ወደ አምፖሉ እየጠቆመ። ልጁ በሥራው ይኮራል። «ከጠዋት ጀምሮ አንዳቸውም አልዞሩም። ያንቺ አምፖል ግን ዓይኑን አላርገበገበም።»

«አሁን ይህ የማን ነፋስ ነው?»

«ማን ያውቃል? ከአይሻም ይሆናል፣ ከአዳማም። ሲደባለቅ አይለይም አላልኩም?»

«ብለሃል» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ካልሰደብሽኝ ጠይቂ።»

«ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚቆምበት ቀን የለም? እዚህም፣ አዳማም፣ አይሻም። በአገሩ ሁሉ አንድ ቅጠል የማይነቃነቅበት።»

ይርጋ አሰበ። ቀልድ መስሎት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን አልመሰለውም። «ጎረቤታሞች አብረው ይተኛሉ። በተራራቁ ቁጥር ግን አብረው የመተኛታቸው ነገር እየጠበበ ይሄዳል። ስንጨምር ደግሞ ይበልጥ ይጠባል። ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን አላየሁም። ቢመጣም ግድቦቹ አሉ፣ ውሃው ይይዘዋል። አይዞሽ፣ አይጠፋባችሁም።»

«አልፈራሁም» አለች።

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል?»

«ያ ቀን ሲመጣ ብቻ ደውልልኝ።»

ስልክ ቁጥሯን ሰጠችው። መዝግቦት ሄደ፤ ከደጅ ዞሮ ያያት መሰላት። ጉሙ ከጫማው ጀምሮ እስከ ራሱ ዋጠው።

«ወለተ!» አሉ እናቷ ከጓዳ። «ነይ እንጂ ቅመሽ፤ ምን ጎልቶሻል እዚያ?»

«መጣሁ እማዬ።»

አልተነሣችም። ጥላዋ ግድግዳው ላይ ተስሏል፤ እሷ ሳትንቀሳቀስ አይንቀሳቀስም። ቀና ብላ አየች። የስንት አገር ትንፋሽ እዚያች ብልቃጥ ውስጥ ተጠጋግቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ፣ አንዱ የአንዱን ዝምታ እየሸፈነ ቆሟል። ከመካከላቸው አንዱ ዝም ቢል እንኳ ማንም አይሰማውም።

«የፊተኛዋ» አለች በሹክሹክታ፣ «ያንተ ናት?»

በራ። በዚያው ልክ በራ።